ከዓይንና ከአፍንጫ በፊት፦ የሰውን ምስል መንደፍ የተለማመድኩበት መንገድ

ሥዕልን በቁም ነገር መለማመድ የጀመርኩት ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ጥቂቱን ቅዳሜ ቅዳሜ በሚሰጥ ኮርስ፣ አብዛኛውን ግን አዲስ አበባ ውስጥ ከሰው መካከል ተቀምጬ በመንደፍ ተማርኩት። ይህን ጽሑፍ የማዘጋጀው ሰውን አስመስሎ የመሳል ፍላጎት አድሮባቸው ከምን መጀመር እንዳለባቸው ግራ ለገባቸው ሰዎች ነው። ከሞከርኳቸው የልምምድ ዓይነቶች በብርቱ የጠቀሙኝ ሁሉ ወደ አንድ ሐሳብ የሚመለሱ ስለሆኑ የምጽፈውም በዚያው ዙሪያ ይሆናል። አንድን ሥዕል ባለቤቱን እንዲመስል የሚያደርጉት የጭንቅላቱ ጠቅላላ ቅርጽ፣ የአንገቱ አያያዝና የሰውነቱ ክብደት ያረፈበት ቦታ ናቸው፤ ዓይን፣ አፍንጫና ከንፈር ከእነዚህ በኋላ ይመጣሉ።

ዘመዳችንን ከመንገድ ማዶ፣ ፊቱ ገና ሳይለይ፣ በአረማመዱና በትከሻው አያያዝ እናውቀዋለን፤ ወንድማችንን ከጀርባው እንለየዋለን። ዓይናችን ሰውን የሚያውቀው በመጀመሪያ በጥቅሉ ነው ማለት ነው። እጃችን ግን ወረቀት ላይ ሲያርፍ የዚህን ተቃራኒ ያደርጋል። ከአንዱ ዓይን ይጀምራል፣ ቆቡንና ሽፋሽፍቱን አሳምሮ ይጨርሳል፣ ሁለተኛውን ዓይን ያስከትላል፣ ወደ አፍንጫና ወደ አፍ ይወርዳል፤ በመጨረሻ ግንባሩና የራስ ቅሉ የተረፈችውን ጠባብ ስፍራ ይካፈላሉ። በአብዛኛው ጀማሪ ሥዕል ላይ ዓይኖቹ ከልክ በላይ ተልቀው፣ ወደ ግንባር ወጥተው፣ አናቱ ደግሞ ከላይ የተቆረጠ መስሎ የሚታየው በዚህ ቅደም ተከተል የተነሳ ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አንድ ተጨማሪ ምክንያት ያለ ይመስለኛል። ብዙዎቻችን በልጅነታችን አተኩረን ያየነው የመጀመሪያው ሥዕል የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። በዚያ ትውፊት ቅዱሳን ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አዙረው፣ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ጎልተው ይሳላሉ፤ ሰይጣንና ክፉ ሰዎች ደግሞ በአመዛኙ በጎን፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ ይሳላሉ። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶች ቁልቁል የሚመለከቱን በእነዚያው ትልልቅ ዓይኖች ነው። ይህ የራሱ ሥርዓትና የራሱ ዓላማ ያለው አሣሣል ስለሆነ ከልቤ አከብረዋለሁ፤ የፊቱ ክብደት ዓይን ላይ መዋሉም ምእመኑ በቅዱሱ እየታየ እንደሆነ እንዲሰማው ያደርጋል። ነገር ግን ፊት ለፊቴ የተቀመጠን አንድ ሰው ለመንደፍ ስነሣ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀውን ዓይን ትቼ በዚያች ሰዓት የማየውን ዓይን መከተል እንዳለብኝ ለራሴ ደጋግሜ መንገር ያስፈልገኝ ነበር። አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምረው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በከፈቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሰውን ከተፈጥሮ እያዩ መንደፍ የትምህርቱ አካል የሆነው፣ በእኔ ግምት፣ ይህ ዓይነቱ እይታ በራሱ የሚመጣ ሳይሆን በልምምድ የሚገኝ ስለሆነ ነው።

ስለ መሣሪያ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ኤችቢ፣ 2ቢና 6ቢ እርሳስ (ከመካከለኛው ወደ ለስላሳውና ጥቁሩ የሚሄዱ ደረጃዎች ናቸው)፣ ላጲስ፣ ምላጭ እና ርካሽ ወረቀት ለብዙ ወራት ይበቃሉ። ወረቀቱ ርካሽ መሆኑ ከቁጠባ ያለፈ ጥቅም አለው፤ ውድ ደብተር ሲገለጥ እጅ ይፈራል፣ የፈራ እጅ ደግሞ አጭርና የተቆራረጠ መስመር ያወጣል። እኔ ለፈጣን ንድፍ የምጠቀመው በአንድ ገጹ ብቻ ታትሞበት ከቢሮ የሚጣለውን ኤ4 ወረቀት ነው፤ ጠንካራ ካርቶን ላይ ደርቤው ጀርባውን እነድፍበታለሁ። እርሳሱን በምላጭ ረዘም አድርጎ መቅረጽ ጥሩ ነው፤ ጎኑ ሰፊ ጥላ ለመጣል ያገለግላል። አያያዙም ከጽሕፈት ይለያል። ጫፉ አጠገብ ጨብጦ በጣት ከመጻፍ ይልቅ ራቅ አድርጎ መያዝና ክንድን ከትከሻ ማንቀሳቀስ ረጅም፣ ያልተቆራረጠ መስመር ይሰጣል።

ጥቅሉን አስቀድሞ ማየትን ያስተማረኝ ዋናው ልምምድ በአጭር ሰዓት መንደፍ ነው። ለአንድ አቋም ሠላሳ ሴኮንድ፣ አንድ ደቂቃ፣ ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ይሰጣል፤ ሰዓቱ ሲሞላ ንድፉ አለቀም አላለቀም ወደ ሚቀጥለው ይታለፋል። በሠላሳ ሴኮንድ ውስጥ ሽፋሽፍት መሳል አይቻልም። የሚቻለው ከአናት ተነሥቶ በአከርካሪ በኩል አልፎ ክብደት እስከተሸከመው እግር ድረስ የሚወርደውን አንድ ረጅም መስመር መያዝ፣ የትከሻውንና የዳሌውን ማዘንበል በሁለት አጫጭር መስመሮች ማመልከት፣ ጭንቅላቱን በአንድ ክብ ማስቀመጥ ብቻ ነው። እጅ ወደ ዝርዝር እንዳይሮጥ ጊዜው ራሱ ይከለክለዋል። መጀመሪያ ላይ ወረቀቱ የተምታታ መስመር ብቻ ቢመስልም ንድፎቹ ሲበዙ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው፣ የደከመ ሰው፣ የሚቸኩል ሰው በጥቂት መስመር ተለይቶ መታየት ይጀምራል፤ ከዚህ ደረጃ የሚደረሰው ደግሞ በአንድ ጊዜ ረጅም ሰዓት ከመቀመጥ ይልቅ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ በመንደፍ ነው።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ሞዴል ከየት እንደማገኝ ነው። ከፍሎ ሞዴል ማስቀመጥ ለአብዛኞቻችን የሚቻል አይደለም፤ አስፈላጊም ሆኖ አላገኘሁትም። በሊስትሮ ጫማ የሚያስጠርግ ሰው አንድ እግሩን ሳጥኑ ላይ አሳርፎ ለበርካታ ደቂቃዎች ሳይንቀሳቀስ ይቀመጣል፤ ብዙውን ጊዜ ስልኩን ስለሚያይ አንገቱም ባለበት ይቆያል። ሊስትሮው በበኩሉ እጁ ቢመላለስም የጀርባው ቅስት አይለወጥም። ተደጋጋሚ ሥራ የሚሠራ ሰው ለጀማሪ እጅግ ጥሩ ሞዴል ነው፤ አቋሙ በየጊዜው ተመልሶ ስለሚመጣ ያመለጠን መስመር በሚቀጥለው ዙር መያዝ ይቻላል። ቡና የምትቆላ፣ ልብስ የሚተኩስ፣ ስፌት መኪና ላይ የጎነበሰ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው። በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ጉልበቱ ከዳሌው ከፍ ስለሚልና ጭኑ ወደ ተመልካቹ ሲመጣ አጥሮ ስለሚታይ ከበድ ይላል፤ ከፊት ለፊት ከመጀመር ከጎን ሆኖ መንደፍ ይሻላል።

የታክሲ ሰልፍ ደግሞ ክብደትን ለማጥናት የሚመች ቦታ ነው። ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ክብደቱን በሁለት እግሩ እኩል አካፍሎ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ አንዱ እግር ያጋድላል። በዚህ ጊዜ ክብደት በተሸከመው እግር በኩል ያለው ዳሌ ከፍ፣ በሌላው በኩል ያለው ዝቅ ይላል፤ ትከሻው ሚዛኑን ለመጠበቅ በተቃራኒው ያዘነብላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው አከርካሪም ቅስት ይሠራል። ከፊት ስናየው፣ ከአንገቱ ሥር ካለችው ጎድጓዳ ቦታ ቀጥ ብሎ ወደ መሬት የሚወርድ መስመር ብናስብ ክብደቱን የያዘው እግር ቁርጭምጭሚት አጠገብ ያርፋል። ንድፉ ይህን መስመር ካልጠበቀ ሰውየው የቱንም ያህል አምሮ ቢጨረስ ሊወድቅ የተቃረበ ይመስላል። ይህን አንድ ነገር ካወቅኩ በኋላ የነደፍኳቸው ሰዎች መሬት ረገጡ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሰውን ያለ ፈቃዱ አፍጥጦ ማየት በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ ይህ ጉዳይ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። በሩቁ የሚነደፍና ማንነቱ የማይለይ የሰልፈኛ አቋም አንድ ነገር ነው፤ አጠገብ ተቀምጦ ፊትን መንደፍ ግን ፈቃድ ይጠይቃል። እኔ ብዙ ጊዜ «ወንድሜ፣ ሥዕል እየተማርኩ ነው፤ ስትሠራ ልንደፍህ?» ብዬ እጀምራለሁ፤ ለታላላቆች ደግሞ «አባባ፣ እዚህ ተቀምጬ ብነድፍዎት ቅር ይልዎታል?» እላለሁ። እምቢ ያለኝ ሰው ጥቂት ነው፤ እምቢ ሲሉም አመስግኖ መነሣት ይገባል። ከተፈቀደልኝ ንድፉን ለባለቤቱ አሳየዋለሁ፣ ከወደደውም እሰጠዋለሁ። ጥበቃ ባለበት ተቋም አቅራቢያ ስቀመጥ አስቀድሜ ለጥበቃው እናገራለሁ፤ ይህን ማድረግ ብዙ አላስፈላጊ ጥያቄ ያስቀራል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጸሎት ሰዓት መንደፍ ተገቢ መስሎ አይታየኝም። ነገር ግን ማኅሌት የቆሙ አባቶች መቋሚያቸውን ተደግፈው ሲያጋድሉ የሚፈጥሩት አቋም በጣም ስለሚማርከኝ በጥሞና አይቼ ቤቴ ስገባ በትዝታ እነድፈዋለሁ። ይህ ራሱን የቻለ ልምምድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ በትዝታ የሚነደፍ ሰው ዝርዝሩ ተረስቶ ዋናው መስመር ብቻ ስለሚቀር ያየሁትን በትክክል አይቼው እንደሆነ ያሳየኛል።

የማይንቀሳቀስና የማይሰለች ሞዴል የሚፈልግ ደግሞ ሐውልት አለለት። ስድስት ኪሎ በሚገኘው የየካቲት 12 ሐውልት ዙሪያ የተቀረጹት የሰው ምስሎች የወደቀ፣ የተጎነበሰ፣ የተደጋገፈ ሰው አካል እንዴት እንደሚታጠፍ ለማጥናት ያስችላሉ፤ የሚያስታውሱት መከራ ከባድ ስለሆነ ሲነድፏቸውም በአክብሮት መሆን ይገባዋል። የጠዋትና የከሰዓት ፀሐይ በተለያየ ጎን ስለሚያበራቸው አንዱን ምስል በሁለት ሰዓት መንደፍ ጥላ ቅርጽን እንዴት እንደሚለውጥ ያስተምራል።

ከአቋም ቀጥሎ የሚመጣው ምጥጥን ነው። የአዋቂ ሰው ቁመት በራሱ ጭንቅላት ሲለካ በአማካይ ሰባት ተኩል ያህል ይሆናል፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን ግን አራት ያህል ብቻ ነው፤ ሕፃን ሲሳል «ትንሽ ሽማግሌ» የሚመስለው ይህ ሲዘነጋ ነው። የቆመ ሰው ቁመት እኩሌታ ብሽሽት አካባቢ ይውላል፤ እጁን ወደ ታች ሲለቅ ክርኑ ወገቡ አጠገብ፣ አንጓው በብሽሽቱ ትይዩ ይሆናል፤ መዳፉ ከጣቶቹ ጋር ከአገጭ እስከ ፀጉር መጀመሪያ ያለውን ፊት ይሸፍናል። ጀማሪዎች እጅንና እግርን አሳንሰው የመሳል ዝንባሌ ስላላቸው ይህ የመጨረሻው መለኪያ በተለይ ይጠቅማል። ሁሉም ግን ማመሳከሪያዎች ናቸው እንጂ ፊታችን ያለውን ሰው አይተኩም፤ ረጅም አንገት ያለው ሰው ረጅም አንገቱ ነው የሚያስለየው። ስለዚህ እርሳሱን ክንድን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ በመያዝ፣ አንድ ዓይን ጨፍኖ፣ የጭንቅላቱን ቁመት በእርሳሱ ላይ በአውራ ጣት ምልክት አድርጎ በሰውነቱ ላይ እየወሰዱ መለካት ያስፈልጋል። ክንዱ ከታጠፈ ልኬቱ ስለሚለዋወጥ ክርን ቀጥ ማለት አለበት። ከአካሉ ውጭ ያለውን ባዶ ቦታ፣ ለምሳሌ ወገቧን በያዘች ሴት ክንድና ጎን መካከል የሚታየውን ሦስት ማዕዘን፣ እንደ ራሱ ቅርጽ አድርጎ መንደፍም ልኬትን በቀላሉ ያስተካክላል።

ወደ ፊት የመጣሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ለጀማሪም የምመክረው ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው። ጭንቅላትን ስነድፍ መጀመሪያ የምይዘው ከማጅራት ጀምሮ ያለውን ማዘንበል ነው፤ ፍጹም ቀጥ ብሎ የሚቀመጥ ጭንቅላት እምብዛም አይገኝም፤ ወይ ያቀረቅራል፣ ወይ ቀና ይላል፣ ወይ ወደ አንድ ትከሻ ያጋድላል። ከዚያ የራስ ቅሉን ሰፊ ክብ፣ ቀጥሎ የመንጋጋውን ቅርጽ አስቀምጣለሁ። የዓይን መስመር ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርዝመት እኩሌታ ላይ ይውላል፤ ይህን ብዙ ሰው ለማመን ይቸገራል፤ በጣትና በእርሳስ ለክተው እስኪያረጋግጡ ድረስ ዓይንን ወደ ላይ መውሰዳቸውን አይተዉም። በሁለቱ ዓይኖች መካከል አንድ ዓይን የሚያህል ቦታ አለ። ጆሮ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ሥር ባለው ከፍታ መካከል ይገኛል፤ ከጎን ሲታይ ከጭንቅላቱ አጋማሽ ወደ ኋላ ይቀመጣል፤ ከጆሮ ጀርባ ያለውን የራስ ቅል አሳንሶ መሳል በጎን ምስል ላይ በብዛት የሚታይ ጉድለት ነው። ሰውየው ሲያቀረቅር ጆሮዎቹ ከዓይኖቹ አንጻር ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ቀና ሲል ይወርዳሉ፤ ፊቱን ጎን ሲያዞር ደግሞ በሩቁ በኩል ያለው ዓይን ይጠባል። እነዚህ ሁሉ በቀላል መስመር ተመልክተው ሳይረጋገጡ ዓይንን ማሳመር አልጀምርም።

የዚህን ጥቅም በግልጽ ያየሁት አያቴን ስነድፍ ነው። እሑድ ከሰዓት በመስኮቱ አጠገብ ነጠላቸውን ተከናንበው ሲቀመጡ «እማማ፣ እንደዚሁ ሆነው ልሳልዎት?» አልኳቸው። «አንገቴን ቀና ላድርግ?» አሉኝ፤ «አይ፣ እንደተመቸዎት ይሁኑ» አልኩ። ሰው ሊሳል ሲቀመጥ የሚይዘው አቋም የራሱ አይደለም፤ የሚመስለው ሲረሳው የሚይዘው ነው። አያቴ ለረጅም ጊዜ ጭንቅላታቸውን ወደ ቀኝ አጋደል አድርገው መቀመጥ ይወዳሉ፤ ያንን ማጋደል፣ የነጠላውን አወራረድና የትከሻቸውን ጠበብ ማለት ብቻ አስቀምጬ፣ ፊታቸው ገና ባዶ እንደሆነ ጎረቤታችን ገባች፤ ወረቀቱን አይታ «እትዬን ነው የምትስላቸው?» አለች። ዓይን የለም፣ አፍንጫ የለም። ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ መመሳሰሉን ላለማበላሸት መጠንቀቅ ብቻ ሆነልኝ። ለረጅም ሰዓት የሚቀመጥ ሰው፣ በተለይ በዕድሜ የገፋ ከሆነ፣ ቀስ በቀስ ዝቅ ስለሚል የመጀመሪያውን አቋም በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ምልክት አድርጎ በዚያው መጽናት ያስፈልጋል፤ እየተከተሉ መለወጥ የሁለት አቋም ቅልቅል ያመጣል። በየሃያ ደቂቃው ማሳረፍም ይገባል። የፊት ሽብሽብን በሚመለከት በጥቁር መስመር ከማስመር ይልቅ በሁለት ጎኑ ያለውን የብርሃንና የጥላ ልዩነት በስሱ ማሳየት ይበቃል፤ መስመር የሆነ ሽብሽብ ሰውን ከዕድሜው በላይ ያስረጃል።

ነጠላ በራሱ ብዙ ያስተምራል። እጥፋቶቹ የትም የሚወድቁ አይደሉም፤ ጨርቁ ከተንጠለጠለበት ነጥብ፣ ከአናት ወይም ከትከሻ ወይም ከታጠፈ ክርን፣ ተነሥተው ይወርዳሉ። ነጥቡን ያገኘ ሰው እጥፋቱን ሳይጨነቅ ያስቀምጠዋል፤ ጥለቱም እጥፋቱን ተከትሎ ስለሚታጠፍ ከሥሩ ያለውን ቅርጽ ያሳያል። ሹሩባም እንዲሁ ነው። ከግንባር ወደ ማጅራት የሚሄዱት ጉንጉኖች የራስ ቅሉን ክበት ስለሚከተሉ በትክክል ከተነደፉ ያለ ምንም ጥላ ጭንቅላቱ ክብ ሆኖ ይታያል። ያልተጎነጎነ ከርዳዳ ፀጉር ግን አንድ በአንድ ሊሳል አይገባም። እንደ አንድ ጥቁር ግዝፈት ተይዞ፣ ዳሩ ለስለስ ተደርጎ፣ ብርሃን የነካው ጎኑ ብቻ ትንሽ ቢከፈት በቂ ነው።

በሰፊው ልናገርበት የምፈልገው የቆዳችንን ቀለም ነው፤ ምክንያቱም በእጃችን የሚገቡት አብዛኞቹ የመማሪያ ምሳሌዎች ነጭ ቆዳ ያላቸውን ሰዎች የሚያሳዩ ናቸው። በእነርሱ ወረቀቱ ራሱ የፊቱ ብርሃን ሆኖ ይተውና ጥላው ብቻ በእርሳስ ይጨመራል። ይህን አካሄድ ለጠይም ፊት ሲጠቀሙ ከሁለት አንዱ ይመጣል፤ ወይ ሰውየው ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ወይ እርሳሱ በሁሉም ቦታ እኩል ተለቅልቆ ቅርጹ ይጠፋል። ለእኔ የሠራልኝ መንገድ ይህ ነው፤ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ሳይ ዝርዝሩ ይጠፋና ፊቱ ብርሃን ያረፈበትና ጥላ የያዘው ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። የሁለቱን ድንበር በቀጭን መስመር አስቀምጬ፣ ፊቱን በሙሉ በመካከለኛ ድምቀት እሸፍናለሁ፤ ያ የቆዳው ቀለም ነው። ቀጥሎ የጥላውን ወገን አጠቁራለሁ። በመጨረሻ በግንባር፣ በጉንጭ አጥንትና በአፍንጫ ጫፍ ላይ ያሉትን ነጸብራቆች በላጲስ አነሣለሁ። ጥቁር ቆዳ ከውስጡ መልሶ የሚሰጠው ብርሃን ትንሽ ስለሆነ ከላዩ የሚያንጸባርቀው ጎልቶ ይታያል፤ የፊቱን አጥንት የሚያስነብቡት እነዚያ ነጸብራቆች ናቸው፤ ስለዚህ ቦታቸውና መጠናቸው ትክክል መሆን አለበት። በጥላው ውስጥም ከልብሱ ወይም ከግድግዳው ተመልሶ የሚመጣ ደካማ ብርሃን በአገጭ ሥር ይታያል፤ እርሱን ከዋናው ብርሃን አስበልጦ ማድመቅ ግን ቅርጹን ያፈርሳል።

እርሳስ ለዚህ ሥራ ወሰን አለው፤ ብዙ ሲደራረብ ያብለጨልጫል እንጂ አይጠቁርም። ጥልቅ ጥቁረት የሚገኘው ከቻርኮል፣ ማለትም ለሥዕል ከተዘጋጀ ከሰል ነው፤ ካላገኛችሁ ከምድጃ የቀረ ቀጭን ከሰልም ለልምምድ ያገለግላል። ከሁሉ ይበልጥ የወደድኩት ግን ካኪ ወረቀት ላይ በቻርኮልና በነጭ ጠመኔ መሥራትን ነው። የወረቀቱ ቡናማነት የቆዳውን መካከለኛ ድምቀት አስቀድሞ ስለሚሰጥ ጥላውን በቻርኮል፣ ነጸብራቁን በጠመኔ መጨመር ብቻ ይቀራል፤ ዋጋውም ማንም የሚችለው ነው። ጠመኔውንና ቻርኮሉን ማደባለቅ የሞተ ግራጫ ስለሚያመጣ በመካከላቸው ሁልጊዜ ባዶ ወረቀት እንዲቀር አደርጋለሁ። የቻርኮል ሥራ በቀላሉ ስለሚጠፋ ፊክሳቲቭ የሚባል ማጣበቂያ ፈሳሽ ይረጭበታል፤ በሌለበት ከላዩ ንጹሕ ወረቀት ደርቦ ማስቀመጥ ይቻላል።

የሚቀመጥ ሰው በጠፋ ጊዜ መስታወት አለ። የሆላንዱ ሠዓሊ ሬምብራንት ከወጣትነቱ እስከ እርጅናው የራሱን ፊት ደጋግሞ ሠርቷል፤ የእኛው አፈወርቅ ተክሌም የራሳቸውን ምስል ሠርተዋል፤ ያም ሥራ ፍሎረንስ በሚገኘው ኡፊዚ ቤተ ሥዕል ይገኛል። የራስን ፊት መንደፍ ለጀማሪ የሚጠቅመው ሞዴሉ ስለማይቸኩልና ስለማይቀየም ነው። መብራቱን በአንድ ጎን ብቻ ማድረግ፣ ወንበሩንና መስታወቱን እንዳይነቃነቁ አስተካክሎ የእግርን ቦታ ወለሉ ላይ ምልክት ማድረግ ይረዳል። ከስልክ ፎቶ መሳልን ብዙዎች ይመርጣሉ፤ እኔም አልከለክልም፤ ነገር ግን በቅርበት የተነሣ ፎቶ አፍንጫን አተልቆ ጆሮን ወደ ኋላ ስለሚያርቅ፣ ቢያንስ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ፣ ምስሉን በካሜራው (በዙም) አቅርቦ ማንሣት ያስፈልጋል። ከፎቶ ብቻ የሚማር ሰው ደግሞ ፎቶው ለእርሱ የመረጠለትን ጥላና መስመር ይገለብጣል እንጂ ራሱ መምረጥን አይለማመድም ብዬ አምናለሁ።

አሁን የምከተለው አካሄድ እንዲህ ያለ ነው። በሥራ ቀናት ምሽት ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል በአጭር ሰዓት እነድፋለሁ፤ ሰው ካላገኘሁ የግራ እጄን ወይም በዕለቱ ያየሁትን አቋም በትዝታ። ቅዳሜ ወይም እሑድ አንድ ዘመድ ወይም ጓደኛ አስቀምጬ ረዘም ያለ ሥራ እሠራለሁ፤ ያንንም የምጀምረው እጄን ለማፍታታት በጥቂት የአንድ ደቂቃ ንድፎች ነው። በሥራው መካከል በየጊዜው ተነሥቼ ከሁለት ሦስት እርምጃ ርቀት አየዋለሁ፤ ወረቀቱን ገልብጬ ወይም በመስታወት ውስጥ ስመለከተው የተዛነፈው ዓይንና ያጋደለው አፍ ወዲያው ይታያሉ። እያንዳንዱ ወረቀት ላይ ቀን እጽፋለሁ፤ ያላማረውንም አልጥልም፤ ከወራት በኋላ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የትኛው ልምምድ እንደጠቀመ የሚያሳዩት እነርሱ ናቸው። ሥዕሉን ለሰው ሳሳይ «አምሮአል ወይ?» ብዬ አልጠይቅም፤ ይሉኝታ ስላለ መልሱ ምንጊዜም «አምሮአል» ነው። «ይህ ማን ይመስልሃል?» እላለሁ፤ የተሳሳተ ስም ከተጠራ ደግሞ ወደ ዓይንና ወደ አፍንጫው ሳልሄድ የጭንቅላቱን ማዘንበልና የራስ ቅሉን ስፋት እንደገና እለካለሁ።